የጀግናው ፈቃድና የላኪው ዕዳ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት፣ በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው በስልክ ይከራከሩ ነበር። በሌላው መስመር የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ኃላፊዎች አሉ፤ ከፊሎቹ አላባማ፣ ከፊሎቹ ፍሎሪዳ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር (ሸትል) ሰባት ሰዎችን ይዛ እንድትወነጨፍ ቀጠሮ ተይዞላታል። ፍሎሪዳን ግን ያልለመደችው ብርድ ገብቶባታል፤ ሌሊቱን ከዜሮ በታች እንደሚወርድ ተተንብዮአል። ከመንኮራኩሯ ግራና ቀኝ የሚቆሙትን ሁለት ግዙፍ ሮኬቶች የሚሠራው ታዮኮል ነው። ሮኬቶቹ ከተለያዩ ክፍሎች የተገጣጠሙ ሲሆኑ፣ በየመጋጠሚያው የሚነደው ጋዝ ሾልኮ እንዳይወጣ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ጎማ ሲበርደው ይጠጥራል፤ ክፍተቱን ቶሎ መድፈን ያቅተዋል።

ሮጀር ቦይጆሊ የተባለው መሐንዲስ ይህን ስጋት ያነሣው በዚያች ምሽት አልነበረም። ከዓመት በፊት፣ በጃንዋሪ 1985፣ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ብርድ ከተደረገ በረራ የተመለሱትን ሮኬቶች ሲመረምር፣ አንዱን ቀለበት አልፎ የገባ ጥቁር ጥላሸት አይቶ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ለአለቆቹ በጻፈው ማስታወሻ ነገሩ ካልታረመ የሰው ሕይወት የሚቀጥፍ ከባድ አደጋ እንደሚመጣ አስጠነቀቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለቱ ነበር። በዚያች ምሽትም እርሱና ባልደረቦቹ ብርዱ ከ12 ዲግሪ በታች ከወረደ መንኮራኩሯ መነሣት የለባትም አሉ፤ ኩባንያውም መጀመሪያ አቋማቸውን ያዘ። ከናሳ ወገን የመጣው መልስ ቁጣ ነበረበት፤ ታዲያ እስከ ኤፕሪል ልንጠብቅ ነው ወይ የሚል። ታዮኮል የአምስት ደቂቃ ፋታ ጠይቆ መስመሩን ዘጋ። ፋታው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ የምህንድስናውን ምክትል ፕሬዚዳንት የመሐንዲስነት ባርኔጣህን አውልቀህ የሥራ አስኪያጅነቱን አጥልቅ አሉት። አራት ሥራ አስኪያጆች ተስማሙ፤ መሐንዲሶቹን ድምፅ የጠየቃቸው የለም። መስመሩ እንደገና ሲከፈት ውሳኔው «ትነሣ» ሆነ። ፍሎሪዳ የነበረው የኩባንያው ተወካይ አለን ማክዶናልድ ግን አልፈርምም ስላለ ፊርማው ከዩታ በፋክስ ተላከ።

ቻሌንጀር በማግስቱ ረፋድ ላይ 2 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ተነሥታ በ73ኛው ሰከንድ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባቱም ሞቱ።

ስለዚህ አደጋ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቀለበቱም፣ ስለ ብርዱም። እኔን ዛሬም የሚያንገበግበኝ ሌላው ነገር ነው። ያ ሁሉ ክርክር ሲካሄድ፣ ነፍሳቸው የተያዘችባቸው ሰባት ሰዎች ክርክር መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። አዛዡ ዲክ ስኮቢ አልተነገረውም። መምህርቷ ክሪስታ ማኮሊፍም አልተነገራትም። ሮኬቶቹን ከሠሩት መሐንዲሶች የቀለበቱን ጉዳይ በቅርብ የሚያውቁት «አይሆንም» ማለታቸውን ቢሰሙ ኖሮ ምን ይሉ እንደነበር ማንም ሊመልስ አይችልም። ምናልባት እንሄዳለን ይሉ ነበር። ምርጫው ግን የእነርሱ ነበር።

ሰው ነፍሱን ለአደጋ ስለሚሰጥባቸው ሥራዎች ወሬ ሲነሣ፣ ጠፈር ይሁን ተራራ፣ ጥልቅ ባሕር ይሁን የሙከራ በረራ፣ ወዲያው ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንዱ «ዐውቀው ገብተውበታል፤ ማን አስገደዳቸው?» ይላል። ሌላው «ለዚህ ነገር አንድ ሰው እንኳ መሞት አልነበረበትም» ይላል። የመጀመሪያው ሰውየው ያወቀው ምን ያህሉን እንደሆነ አይጠይቅም። ሁለተኛው ደግሞ አዋቂ ሰው በገዛ ነፍሱ ላይ ያለውን ሥልጣን ይነጥቀዋል። እኔ የማምነው አደጋን የመቀበል መብት የባለነፍሱ ነው ብዬ ነው፤ ይህ መብት ሙሉ የሚሆነው ግን ላኪው የሚያውቀውን ሁሉ ሲነግረው ብቻ ነው። ካልነገረው፣ የጀግናው ፈቃድ ለላኪው መሸፈኛ ይሆናል።

በአፖሎ ዘመን የነበሩት ሰዎች ስለ ሞት ሲነጋገሩ ያስገርማሉ። ኒል አርምስትሮንግ ከአፖሎ 11 በፊት የነበረውን ግምት ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲናገር፣ በሰላም የመመለስ ዕድላችን 90 ከመቶ፣ ጨረቃ ላይ የማረፍ ዕድላችን ደግሞ 50 ከመቶ ብቻ ይመስለኝ ነበር ብሏል። በ1968 በአፖሎ 8 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጨረቃ ከሄዱት ሦስት ሰዎች አንዱ የሆነው ቢል አንደርስ ከሦስት አንድ እጅ ላለመመለስ ዕድል ሰጥቶ ነበር። የዚያ በረራ አዛዥ የፍራንክ ቦርማን ባለቤት ሱዛን የበረራ ቁጥጥሩን ኃላፊ ክሪስ ክራፍትን እውነቱን ንገረኝ ብላ ብትይዘው፣ ሃምሳ በሃምሳ ነው አላት። ለአንዲት ሚስት ይህን መናገር ቀላል አይደለም። ክራፍት ግን ላኪ ነው፤ የላኪ ወጉን አደረሰ። አፖሎ 11 ከመነሣቱ በፊት ሦስቱ ጠፈርተኞች በብዙ ፖስታዎች ላይ ፈርመው ለቤተሰቦቻቸው ማስቀመጣቸውም የታወቀ ነው። ለእነርሱ የሚመጥን የሕይወት መድን ዋጋው የማይቀመስ ስለነበረ፣ ባይመለሱ ቤተሰቡ ፊርማቸውን ሸጦ እንዲኖር ነው። ሰውየው ቁጭ ብሎ የልጆቹን ቀለብ በፊርማው ሲያዘጋጅ፣ የሚሄድበትን ነገር ምንነት ዐውቋል ማለት ይቻላል።

ግን በዚያው ዘመንም ቢሆን ከላኪው ወገን የጎደለ ነገር ነበር። ጠፈርተኛው ገስ ግሪሰም ሥራችን አደገኛ ነው፣ ብንሞት ሕዝቡ ይቀበለው፣ መርሐ ግብሩም በእኛ ሞት እንዳይጓተት ብሎ በይፋ ተናግሮ ነበር። ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 እርሱና ኤድ ኋይት፣ ሮጀር ቻፊም የሞቱት ግን ምድር ላይ፣ ልምምድ ላይ ሳሉ ነው። ሮኬቱ ነዳጅ ስላልነበረው ልምምዱ «አደገኛ» ከሚባለው ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልገባም ነበር። የነበሩበት የመንኮራኩሩ ክፍል በንጹሕ ኦክስጅን ታምቋል፤ ውስጡ ተቀጣጣይ ነገር ሞልቶበታል፤ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ስለሆነ እሳቱ ግፊቱን ሲጨምረው ከውስጥ ሊከፈት አልቻለም። ግሪሰም የተቀበለው የጠፈርን አደጋ ነበር። በንጹሕ ኦክስጅን የሞላ ክፍል ውስጥ አንድ ብልጭታ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ምሥጢር አልነበረም፤ ቀድሞ ሊታሰብ ይችል ነበር፤ ከአደጋው በኋላም በሩም፣ አየሩም፣ ዕቃውም ተቀየረ። ሶቪየቶችም ዘንድ እንዲሁ ነው። በጁን 1971 በሶዩዝ 11 መንኮራኩር የተመለሱት ሦስት ኮስሞናውቶች አንዲት ቫልቭ ያለጊዜዋ ተከፍታ አየሩ አልቆባቸው ሞተው ተገኙ። የጠፈር ልብስ አልለበሱም ነበር፤ ሦስት ሰው ከነልብሱ በዚያች ጠባብ ክፍል አይበቃም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሶዩዝ የሚጓዙት ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ብቻ ሆኑ።

ወደ ቻሌንጀር ልመለስ፤ የመምህርቷ ነገር አልፈውት የሚሄዱት አይደለምና። ክሪስታ ማኮሊፍ የኒው ሃምፕሸር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከ11,000 በላይ አመልካቾች መካከል ተመርጣ ከጠፈር ለተማሪዎች ትምህርት ልትሰጥ ነበር። መምህርት ይዞ መሄዱ ራሱ ለሕዝብ የተላከ መልእክት ነው፤ መንኮራኩሯ እንደ ማንኛውም ተሽከርካሪ የምትታመን ሆናለች የሚል። ከአደጋው በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን አባል የነበረው የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ሰዎቹን አደጋ የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ኃላፊዎቹ ከ100,000 በረራ አንድ አሉ፤ መሐንዲሶቹ ግን ከ100 አንድ ገደማ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ መንኮራኩር፣ በሁለቱ መካከል ግን የአንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት። የኃላፊዎቹን ቁጥር ብናምን መንኮራኩሯን ለ300 ዓመት ገደማ በየቀኑ አስነሥተን አንድ ጊዜ ብቻ ማጣት ነበረብን። መርሐ ግብሩ በ2011 ሲዘጋ፣ በ135 በረራዎች ሁለት መንኮራኩሮችና 14 ሰዎች ጠፍተዋል። ለመምህርቷ የቀረበላት የትኛው ቁጥር ነበር? ከላይ የወረደው እምነት የኃላፊዎቹ ነው።

የማኮሊፍ ተጠባባቂ ባርባራ ሞርጋን፣ እርሷም መምህርት፣ ቻሌንጀር ስትበታተን አይታለች፤ የምርመራውን ውጤት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታውቃለች። በኋላም ሙሉ የጠፈርተኛ ሥልጠና ወሰደች። በመካከሉ ሌላዋ መንኮራኩር ኮሎምቢያ ከነሰዎቿ ጠፋች። ሞርጋን በ2007 በኢንዴቨር ወደ ጠፈር ሄደች። ይህችን ሴት አትሂጂ የሚል ማን ነው? ሁሉን ዐይታ፣ ሁሉን ሰምታ፣ እሄዳለሁ አለች። ለእኔ የሙሉ ፈቃድ መልክ ይህ ነው፤ ክብር የሚገባውም እንዲህ ያለው ነው። ለእነዚህ ሰዎች የማዘን ዝንባሌ ያላቸውን አንባቢዎች እለምናለሁ፤ አትዘኑላቸው። ጠፈር ላይ የሚደረገው ምርምር ያለ እነርሱ አይሆንም። ጨረቃን የረገጠ ሰው አንድም ሳይኖር በቀረ ነበር። የአየር ጉዞ ዛሬ የደረሰበት ደኅንነትም ትናንት የሙከራ አብራሪዎች ከከፈሉት የመጣ ነው። ሞትን እስከ ዜሮ ካላወረድን አንነሣም ካልን አንነሣም።

ኮሎምቢያ ግን ሌላ ጥያቄ ትታልን ሄዳለች። ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ስትነሣ፣ በ82ኛው ሰከንድ ገደማ ከትልቁ የነዳጅ ታንክ ላይ የተላቀቀ አንድ ኪሎ የማይሞላ የፎም ቁራጭ የግራ ክንፏን የፊት ጠርዝ መታው። የናሳ መሐንዲሶች ፊልሙን አይተው ደነገጡ። ክንፉን የጦር ኃይሉ ሳተላይቶች ፎቶ ያንሡልን የሚል ጥያቄ ሦስት ጊዜ ተነሣ፤ ሦስቱም ጊዜ ሳይፈጸም ቀረ። ፎም ከዚያ በፊት በነበሩ በረራዎች ብዙ ጊዜ ወድቋል፤ መንኮራኩሮቹም ተመልሰዋል። ደጋግሞ ሲያመልጡት የቆዩት አደጋ ቀስ በቀስ አደጋ መሆኑ ቀርቶ የተለመደ የጥገና ሥራ ሆነ። ሶሲዮሎጂስቷ ዳያን ቮን ከቻሌንጀር ታሪክ ተነሥታ ይህንን ጠባይ ቀድማ አጥንታው ነበር፤ ጥፋቱ የክፉ ሰዎች ሴራ ሳይሆን፣ ትንንሽ ጥሰት በየጊዜው እየተፈቀደ ልማድ መሆኑ ነው ትላለች። ጃንዋሪ 23 ቀን ለጠፈርተኞቹ ኢሜይል ተላከላቸው። ፎሙ መምታቱን ይነግራቸዋል፤ የሚያሰጋ ነገር የለም ይላል፤ የተጻፈላቸውም ጋዜጠኛ ቢጠይቃቸው እንዳይደናገሩ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ሲመለሱ ትኩሱ ጋዝ በተበሳው ክንፍ ገባ።

በኋላ የሸትሉ መርሐ ግብር ኃላፊ የሆነው ዌይን ሄል ከአሥር ዓመት በኋላ እንደጻፈው፣ በዚያ ሰሞን አንድ ከፍተኛ ባልደረባው ስለ ክንፉ ምንም ማድረግ ስለማንችል ባያውቁት ይሻላል፣ ደስ ብሏቸው በረራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ሳያውቁት ቢሞቱ አይሻልም ወይ የሚል ሐሳብ አንሥቶለት ነበር። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ቶሎ ለመፍረድ ይቸገራል። እኛም ዘንድ ከባድ ሕመም ለበሽተኛው አይነገርም፤ ቤተሰቡ ተማክሮ ይይዘዋል። መርዶ እንኳ በጠዋት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ተጠንቅቆ ነው የሚነገረው። ከርኅራኄ የመነጨ ልማድ እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ብዙዎቻችን አባትና እናታችንን እንዲህ ሸኝተናል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ርኅራኄው ቦታውን ስቷል። በመጀመሪያ ነገር፣ «ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው እውነት አልነበረም። የአደጋው መርማሪ ቦርድ በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታውቆ ቢሆን፣ ለሌላ በረራ ስትዘጋጅ የነበረችውን አትላንቲስን አፋጥኖ ለማዳን መሞከር ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነበር። ከዚያም በላይ፣ ሰባቱ ሰዎች ሕሙማን አልነበሩም። ይህን አደጋ በሙሉ ዐይናቸው ለማየት ዓመታት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ስለ ገዛ ክንፋቸው ከእነርሱ የተሻለ ሊያስብ የሚችል ሰው አልነበረም። ለባለሙያ ሞቱን መደበቅ ሙያውንም መንፈግ ነው።

ከሰባቱ አንዱ የመጀመሪያው እስራኤላዊ ጠፈርተኛ ኢላን ራሞን ነበር። ልጁ አሳፍ የአባቱን ሞት እያወቀ የእስራኤል አየር ኃይል ተዋጊ አብራሪ ሆነ፤ በ2009 በልምምድ በረራ ላይ ሞተ። ኢላት አጠገብ ያለው ራሞን አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመው በሁለቱ ስም ነው፤ በእስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ታውቁታላችሁ። በዚህ ቤት አደጋውን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ትምህርቱ ደግሞ በከንቱ አልቀረም። በጁን 2024 ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊልያምስ በአዲሷ የቦይንግ መንኮራኩር በስታርላይነር የስምንት ቀን ያህል የሙከራ ጉዞ ጀመሩ። በመንገድ ላይ ሂሊየም ይፈስስ ነበር፤ ከትንንሾቹ ገፊ ሞተሮችም አንዳንዶቹ ተቋረጡ። ለሳምንታት ክርክር ተካሄደ፤ ይህኛው ክርክር ግን የተለያየ አሳብ ያላቸው ባለሙያዎች በግልጽ የሚከራከሩበት ነበር። ኦገስት 24 ቀን በወቅቱ የናሳ አስተዳዳሪ የነበሩት ቢል ኔልሰን መንኮራኩሯ ባዶዋን እንድትመለስ መወሰኑን ሲያሳውቁ ቻሌንጀርንና ኮሎምቢያን በስም ጠሩ። ኔልሰን ራሳቸው የምክር ቤት አባል ሳሉ በጃንዋሪ 1986 በሸትል በረው ቻሌንጀር ከመጥፋቷ ከአሥር ቀን በፊት የተመለሱ ሰው ናቸው። ስታርላይነር ባዶዋን በደኅና አረፈች። ሁለቱ ጠፈርተኞች በሌላ ኩባንያ መንኮራኩር የተመለሱት በማርች 2025 ነው፤ ስምንቱ ቀን ዘጠኝ ወር አለፈው። በደኅና ካረፈች ያለ ምክንያት ነው ያቆዩአቸው ያሉ ሰዎች ነበሩ። አልስማማም። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ጊዜ በታወቀው ነገር ነው። ኮሎምቢያን ያጠፋውም «እስከ ዛሬ በደኅና ተመልሰናል» የሚለው ስሌት ነው።

ከመንግሥት ወደ ግል ኩባንያ ስንሻገር ነገሩ ይወሳሰባል። በአሜሪካ በ2004 የወጣ ሕግ ለንግድ የጠፈር በረራ ተሳፋሪዎች ልዩ ሥርዓት ዘርግቷል። ኩባንያው መንግሥት መንኮራኩሯን ደኅና ናት ብሎ እንዳላረጋገጠ በጽሑፍ ይነግርሃል፤ አንተም ትፈርማለህ። ለተሳፋሪ ደኅንነት ሲባል ደንብ ማውጣት እስከ 2028 መጀመሪያ ድረስ ለመንግሥት የተከለከለ ነው። ኢንዱስትሪው ገና ልጅ ስለሆነ በደንብ እንዳይታነቅ ነው የሚለው ክርክር ይገባኛል። ፊርማ ብቻውን ግን ምን ያህል እንደሚሸከም በጁን 2023 ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር አይተናል። ታይታን የተባለችው ሰርጓጅ አምስት ሰዎች ይዛ ወደ ታይታኒክ ስብርባሪ ስትወርድ ተጨፈለቀች። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። የሚፈርሙት ወረቀት ሞትን ደጋግሞ ያነሣል። ወረቀቱ ያልያዘው የኩባንያው የራሱ ሠራተኛ በ2018 ስለ ሰርጓጇ አካል ስጋቱን ተናግሮ መባረሩን፣ በዚያው ዓመትም ከሠላሳ በላይ የመስኩ ባለሙያዎች ለኩባንያው መሪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፋቸውን ነው። መሪው ስቶክተን ራሽ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ሞቷል፤ በሠራት ሰርጓጅ ራሱ መግባቱ ፈሪ እንዳልነበረ ያሳያል። ድፍረቱ ግን ለራሱ ነፍስ ይበቃል እንጂ የሌሎቹን አራት ሰዎች አይሸፍንም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዝም የሚባልበት የኤቨረስት ተራራ ነው። ኤፕሪል 18 ቀን 2014 በኹምቡ የበረዶ ግግር ላይ ናዳ ወርዶ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞችን ገደለ። ለደንበኞቻቸው መንገድ ሊያዘጋጁ፣ ገመድና ምግብ ሊያደርሱ ነበር የወጡት። አንድ ደንበኛ በአንድ ወቅት ያን አደገኛ ቦታ ጥቂት ጊዜ ያቋርጠዋል፤ ተሸካሚው ደግሞ ደጋግሞ፣ ያውም ከነሸክሙ። መጽሐፍ የሚጻፍለት፣ ፎቶ የሚነሣለት ደንበኛው ነው። ከናዳው በኋላ መንግሥት ለየቤተሰቡ ሊሰጥ ያሰበው መጀመሪያ 40,000 ሩፒ፣ ማለትም 400 ዶላር ገደማ ሲሆን ተራራ መሪዎቹ በቁጣ ተነሡ። ሠራተኛው አደጋውን ያውቀዋል፤ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ እምቢ ብሎ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ሰው በፈቃዱ ገባ ስንል እምቢ ቢል የሚሄድበት ቦታ ነበረው ወይ ብለንም መጠየቅ አለብን።

ከዚህ ሁሉ በሌላው ዳር ያሉት ደግሞ ከቶ ምንም አደጋ ያልተቀበሉ ሰዎች ናቸው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019) ጠዋት ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰዎች አልቀዋል። ቤተሰቦቻቸው በሰላም ግቡ ብለው ሸኝተዋቸዋል፤ አንዳቸውም የፖስታ ላይ ፊርማ አላስቀመጡም። ከአራት ወር ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር ተመሳሳይ አውሮፕላን ከ189 ሰዎች ጋር ወድቆ ነበር። ቦይንግ በ737 ማክስ ላይ የገጠመው ኤምካስ የተባለ ሶፍትዌር ከአንድ ሴንሰር ብቻ በሚመጣ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋል፤ ሴንሰሩ ከተሳሳተ እየደጋገመ ይገፋል። ከላየን ኤር አደጋ በፊት አሠራሩ አብራሪዎች በሚያነቡት መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ በነዚያ ስድስት ደቂቃዎች የታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

በዲሴምበር 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት የወጣ ሰነድ አለ፤ እያንዳንዱ መንገደኛ ሊያውቀው ይገባል እላለሁ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ከኢንዶኔዥያው አደጋ በኋላ ባሠራው ስሌት፣ ሶፍትዌሩ ካልታረመ ማክስ በአገልግሎት ዘመኑ እስከ 15 የሚደርሱ ተጨማሪ አደጋዎች ሊያደርስ እንደሚችል ገምቶ ነበር። ለአብራሪዎች ማስጠንቀቂያ ተላለፈ፤ እርማቱ እስኪዘጋጅ ድረስ ግን አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። ስሌቱን ማስላት ወንጀል አይደለም፤ የባለሥልጣኑ ሥራ ነው። ስሌቱን ይዞ ለአየር መንገዶች፣ ለአብራሪዎችና ለተሳፋሪዎች አለመናገር ግን ነፍሳቸውን ወክሎ እነርሱ ሳይሰሙ መፈረም ነው። ከዚያ ጠዋት በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማንንም ሳይጠብቅ የራሱን ማክሶች አቆመ፤ ቻይናም አቆመች። አሜሪካ ያቆመችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

እውነቱን የሚያውቁት ብዙውን ጊዜ ከታች ያሉት ናቸው፤ ቀለበቱን የሚመረምረው፣ ፊልሙን ደጋግሞ የሚያየው፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው። አለን ማክዶናልድ በመርማሪ ኮሚሽን ፊት እውነቱን ሲናገር ኩባንያው ከደረጃው አወረደው። የምክር ቤት አባላት ጣልቃ ባይገቡ እዚያው ይቀር ነበር። ወደ ቦታው ተመልሶ የሮኬቶቹን መጋጠሚያ እንደገና የመንደፉን ሥራ የመራው እርሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ከመቶ በላይ በረራዎች መጋጠሚያው አልከዳም። በዚያች ምሽት ትነሣ የሚለውን ከተቃወሙት አንዱ ቦብ ኢብሊንግ ግን ይበልጥ መከራከር ነበረብኝ እያለ 30 ዓመት በጸጸት ኖሮ በ2016 ሞተ። የተቃወመው ሰው ጸጸቱን ተሸከመ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፋብሪካው፣ በየሕንፃ ግንባታው፣ በየጋራዡ ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጉት። ሲናገር ቁጭ ብላችሁ ስሙት፤ የሰማችሁትንም አደጋው ለሚደርስበት ሰው ንገሩት።

በ737 ማክስ ሁለት አደጋዎች 346 ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ አደጋዎች ጋር በተያያዘ በአሜሪካ በግለሰብ ደረጃ በወንጀል የተከሰሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማርች 2022 የቴክሳስ ዳኞች ነጻ ብለው አሰናበቱት።